የመጋቢ ልጅ ጥፋት የአባቱ አገልግሎት መመዘኛ ይሁን?

መነሻ ጥያቄ፦ የሃያ ዓመት ልጁ ከቤተ ክርስቲያን ስለ ቀረ አንድ መጋቢ ከመድረክ ሊወርድ ይገባልን?

ሽማግሌ፦ ይገባል እላለሁ። ሐዋርያው ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የጢሞቴዎስ መልእክት፣ ምዕራፍ 3፣ የራሱን ቤት ማስተዳደር የማያውቅ ሰው የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን እንዴት ይጠብቃታል ሲል ይጠይቃል። ካህኑ ዔሊ የተፈረደበትም የልጆቹን ክፋት እያወቀ ስላልከለከላቸው ነው። አገልግሎት ቤተሰብን ጭምር ዋጋ ያስከፍላል፤ በደርግ ዘመን፣ በ1971 ዓ.ም.፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተወስደው ሲገደሉና ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት ያህል ሲታሰሩ ልጆቻቸውም አብረው ከፍለዋል።

የመጋቢ ልጅ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት እቃወምዎታለሁ። የዔሊ ልጆች በዚያው መቅደስ የሚያገለግሉ ካህናት ነበሩና ዝምታው የራሱ ጥፋት ነው። የሳሙኤል ልጆች ግን በቤርሳቤህ ጉቦ እየተቀበሉ ፍርድ ሲያጣምሙ ሳሙኤል ከነቢይነቱ አልተሻረም። በቄስ ጉዲና ልጆች ላይ መከራውን የጫኑት አሳዳጆች ናቸው፤ በእኛ ላይ የአባታችንን ስም የጫነው የገዛ ጉባኤያችን ነው።

ዐሥራ አምስት ዓመቴ ሳለሁ ከአንድ ወንድ የክፍል ጓደኛዬ ጋር ታክሲ ስጠብቅ የቆምኩት ከዐሥር ደቂቃ አይበልጥም፤ ቤት እስክደርስ ግን ሦስት ምእመናን ደውለው ነበር። ስለ ጸጋ እያለቀሰ የሚሰብከው አባቴ ልጁ ማን እንደ ሆነ እንኳ ሳይጠይቀኝ «ማን ማን አየሽ?» አለኝ። በሚቀጥለው እሑድ ስሜን ሳይጠራ ነገሩን የስብከቱ ምሳሌ አደረገው፤ እኔ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበርና የሁሉም ዐይን እኔ ላይ ዐረፈ፤ ከኋላዬም «አሜን» ሲባል ሰማሁ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የእኔ ስም ከጎደፈ እንጀራው እንደሚቋረጥ ስላወቀ ፈርቶ ነበር። እርስዎ የሚሉት ደንብ ይህንኑ ፍርሃት ወደየቤቱ ያስገባል፤ አባት ሽማግሌዎቹን እየፈራ ልጁን መስማት ያቅተዋል፤ ልጅም ጥርጣሬውን በሆዱ ይዞ መዘመር ይለምዳል።

ሽማግሌ፦ ልጄ፣ የደረሰብሽ አሳዝኖኛል። ቃሉን ግን መሻር አንችልም፤ ቤቱ ውስጥ ልጆቹን የሚበድል አገልጋይስ ዝም ይባል?

የመጋቢ ልጅ፦ ዝም አይባል፤ የራሱን በደል መርምራችሁ ፍረዱበት። አድጎ በገዛ ፈቃዱ ስለ ሄደ ልጅ ግን አባትየውን አታውርዱ። ስትመረምሩም ልጁን ለብቻው አስቀምጣችሁ ጠይቁት፤ ያን ጊዜ እኔን የጠየቀኝ ሽማግሌ አልነበረም።