ለቶንሲል ኦፕራሲዮን ማደንዘዣ መርፌው ይሻላል ወይስ ስፕሬዩ? ጥቆማ ስጡኝ

የናቲ እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 7 ዓመቱ ነው፤ ሐሙስ ቶንሲሉን ሊያወጡለት ነው። ሐኪሙ «ተኝቶ እያለ ቦታው ላይ ማደንዘዣ እንወጋዋለን፣ ሲነቃ እንዳያመው» አለኝ። ጎረቤቴ ደግሞ የሚረጨውን ማደንዘዣ፣ ሊዶኬይን፣ ገዝተሽ ያዢ ትላለች። የሞከራችሁ ንገሩኝ፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

እማማዬ፦ እህቴ፣ የኔዋ ተወግታ ነበር። ስትነቃ ደህና ነበረች፣ ጁስ ሁሉ ጠጣች። ማታ ግን ምራቋን መዋጥ አቅቷት ፎጣ ላይ ስትተፋ አደረች። «ጆሮዬን» እያለች ታለቅሳለች። በ7ኛው ቀን ደግሞ ደም ተፋች። በሌሊት ታክሲ ይዤ ስበር የሠራላት ክሊኒክ ስልክ አያነሳም! ሳስበው እስካሁን እጄ ይንቀጠቀጣል።

ቢኒ፦ ውይ! ደሙ ቆመላት?

እማማዬ፦ አንድ ሌሊት ተኝታ ወጣች፣ ተመስገን።

የጎጃሟ፦ እኛ ጋ ድሮ እንጥል በምላጭ ይቆረጥ ነበር፣ ያለ ምንም ማደንዘዣ። የወንድሜ ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

አባ ሚኪ፦ መድኃኒቱን ከከነማ ግዢ። ወረፋ አለው ግን ሌላ ጋ እንዳትሄጂ። እኔ ዕድሜ ልኬን ከነማ ነኝ።

እማማዬ፦ ወንድሜ፣ ሰው ልጁ ጨንቆት ስለ መርፌ ይጠይቃል፣ አንተ ፋርማሲ ትመርጣለህ?

ሰመመን፦ ማደንዘዣ ክፍል ነው የምሠራው። መርፌውን አትፍሪው፤ ብዙ ጊዜ ቡፒቫኬይን የሚባል ማደንዘዣ ነው። ግን የሚይዘው ለሰዓታት ብቻ ነው፣ ሕመሙ ደግሞ እስከ ሁለት ሳምንት ይሄዳል። ዋናው ፓራሲታሞል ነው፤ በኪሎው ተሰልቶ፣ ሳያለቅስ በፊት፣ በሰዓቱ። አይቡፕሮፌን ሐኪሙ ከፈቀደ። አስፕሪንና ኮዴይን ለልጅ አይሆኑም። ስፕሬዩን በራስሽ እንዳትረጪለት፤ ጉሮሮው ደንዝዞ ትን ይለዋል፣ ከበዛም ልብ ይነካል። ጆሮው ቢያመው አትደንግጪ፣ ከጉሮሮው ጋር ነርቩ አንድ ነው። ቁስሉ ላይ የሚወጣው ነጭ ሽፋን ሲላቀቅ ሕመሙ ይመለሳል፣ ደም ከመጣም ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። ትንሽ ደም እንኳ ካየሽ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ቢኒ፦ አይስክሬም አብይለት።

የጎጃሟ፦ ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት የመሰለ የለም! ቆሎና በርበሬ ብቻ አታስጠጊው።

የናቲ እናት፦ ተባረኩ። ሌሊት ተኝቶ ከሆነ ግን ቀስቅሼ ልስጠው ወይስ ይተኛ?

ሰመመን፦ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ቀስቅሰሽ ስጪው። ውኃም አስጎንጪው፤ ጉሮሮው ደርቆ ካደረ ጠዋት ይብስበታል።