ካውንስሉ «አጋራችን ሁኑ» ሲለን ምን ብለን እንመልስ?

ከለንደን፦

እንደምን ሰነበታችሁ የሰሜን ሸዋ ልጆች። አንድ ነገር ላማክራችሁ። የምንኖርበት ሰፈር ካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር ማለት ነው) የማህበረሰብ አጋርነት ስትራቴጂ የሚባል ነገር አጽድቋል። ለእድራችንም ደብዳቤ መጥቷል። «አጋራችን ሁኑ፣ በስብሰባው ተገኙ» ይላል። ግማሹ አባል ደስ ብሎት እንሂድ ይላል። ግማሹ «ለፎቶ ነው የሚፈልጉን» ባይ ነው። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የሚማሩበት ክፍል። የአዳራሽ ኪራይ አልተቻለም። ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ ብዙ ኖረው ነው ወደ ደብረ ብርሃን የተመለሱት። እስቲ ምን ይመክሩናል?

ከደብረ ብርሃን፦

እንደምን አለሽልኝ ልጄ። እዚህ ብርዱ እንደምታውቂው ነው፤ ጋቢ ደርቤ ነው የምጽፍልሽ።

ሂዱ እንጂ! መቅረትማ ምን ይጠቅማል? ብቻ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ስትራቴጂ ሕግ አይደለም። ካውንስሉ «እንዲህ ለማድረግ አስቤያለሁ» ያለበት ወረቀት ነው። ፈገግ ያሉ ሰዎች ፎቶ ያለበትን ገጽ እለፉትና ውሳኔ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ፈልጉ። እናንተ ሐሳብ ሰጥታችሁ እነሱ የሚወስኑ ከሆነ እሱ ምክክር ነው። ምክክር ክፉ ነገር አይደለም፤ ግን አጋርነት አትበሉት። አጋር የሚባለው ገንዘቡ የት ይዋል ሲባል እጁን የሚያወጣ ሰው ነው።

ቀጥሎ በጀቱን ጠይቁ። በጀት ያልተመደበለት ስትራቴጂ ላም አለኝ በሰማይ ነው። እዚያ አገር ደግሞ መጠየቅ መብት ነው። በፈረንጆች 2000 የወጣ የመረጃ ነፃነት ሕግ አለ፤ ማንም ሰው በጽሑፍ ሲጠይቅ ካውንስሉ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ መመለስ አለበት። ዜግነትሽን አይጠይቁሽም። ኢሜይል ይበቃል። «ባለፈው ዓመት ለማህበረሰብ ድርጅቶች ስንት ሰጣችሁ? ለእነማን? የካውንስሉን ክፍሎች በነፃ ወይም በቅናሽ የሚጠቀሙት እነማን ናቸው?» በሉ። መልሱን ይዛችሁ ስብሰባ ብትገቡ የሚያናግሯችሁ ሁኔታ ራሱ ይለወጣል።

ስብሰባዎቹም አብዛኞቹ ለሕዝብ ክፍት ናቸው። አጀንዳው ቢያንስ 5 የሥራ ቀን ቀድሞ ይወጣል። ከኋላ ወንበር ቁጭ ብሎ መስማት ይቻላል። (እዚህ አገር ስብሰባ አበል አለው፤ እዚያ ሻይና ብስኩት ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ።) የሰፈራችሁ ካውንስለሮችም፣ ማለትም የካውንስሉ ተመራጮች፣ ሰው የሚያነጋግሩበት ሰዓት አላቸው። ሄዳችሁ ተዋወቋቸው። ድምፅ ያለው ሰው ሲመጣ ጆሯቸው ይከፈታል፤ ይሄ የየትም አገር ፖለቲከኛ ጠባይ ነው። የእንግሊዝ ዜግነት የወሰዳችሁ መራጭነት ተመዝገቡ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ያላችሁ ለንደን ላይ መምረጥ አትችሉም። ስኮትላንድና ዌልስ ያሉ ወገኖቻችን ግን ሕጋዊ ነዋሪ ከሆኑ ለአካባቢ ምርጫ ድምፅ ይሰጣሉ። ብዙዎቹ ይህን አያውቁም፤ ንገሯቸው።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። እድራችን በመተማመን የቆመ ነው። ገንዘብ ያዡ ደብተሩን በእጁ ይይዛል፣ ማንም አይጠረጥረውም። ካውንስል ግን በዚህ አይገባውም። የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ፣ ሁለት ሰው የሚፈርምበት የባንክ ሂሳብ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የዓመቱን ገቢና ወጪ ይፈልጋል። ከልጆች ጋር ስለምትሠሩ ደግሞ የልጆች ደኅንነት መመሪያ ያስፈልጋችኋል፤ የሚያስተምሩትም ሰዎች የወንጀል ሪከርድ ማጣሪያ ቢያወጡ ጥሩ ነው። ተራ ማህበር ሆናችሁ የዓመት ገቢያችሁ ከ5,000 ፓውንድ በታች ከሆነ በበጎ አድራጎት ኮሚሽኑ የመመዝገብ ግዴታ የለባችሁም። ስለዚህ «መጀመሪያ ትልቅ ድርጅት እንሁን» እያላችሁ ጊዜ አታባክኑ።

ስብሰባው ላይ ስለ ባህላችን ረጅም ንግግር የሚያደርግ ሰው አይጠፋም። በትህትና አስቀምጡት። ጥያቄያችሁ አንድ ይሁን፤ ቅዳሜ ጠዋት፣ አንድ ክፍል፣ ለሦስት ሰዓት ያህል። ስንት ልጅ እንዳላችሁ ንገሯቸው። ክፍሉን ማን እንደሚከፍትና እንደሚያጸዳም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። እምቢ ካሉም ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጧችሁ።

ከመሐል ሜዳ፦

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ ከዚህ ወገን ትንሽ ልጨምር፤ አትቀየሙኝ።

እኛ መንዞች ይሄን ነገር ከጓሳ፣ ከሣር ተራራችን፣ እናውቀዋለን። የጥንት አባቶቻችን የአስቦና የጌራ ልጆች ጓሳን ለዘመናት ሲጠብቁ ሳሩ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ ራሳቸው ነበር የሚወስኑት። አንዳንዴ እስከ 5 ዓመት ሳይነካ ይቆያል። የወሰነው ሰው ነው ጥበቃ የሚወጣውም። ጥበቃ የቀረ ይቀጣል። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ። ቦታው የመንግሥት ተባለና የሁሉም ሆነ፤ ያኔ ባለቤት አጣ። ሳሩ ተጎዳ። ኋላ ሕዝቡ እንደገና ተደራጅቶ ከመንግሥት ጋር ሲስማማ ነው ያገገመው። ዛሬ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ፈረንጅ ይመጣል። ከወረዳው ጋር አጋር ሆነናል የምንለው መተዳደሪያ ደንቡን እኛ ስላወጣነው ነው።

አሁን ወደማትወዱት ልግባ። እናንተ ካውንስሉ ላይ የምታነሱት ቅሬታ እኛ እናንተ ላይ አለን። አንድ የውጭ ማህበር እዚህ አጠገባችን ላለ ትምህርት ቤት ገንዘብ ላከ፤ እግዜር ይስጠው። መምህራኑ የፈለጉት የመኖሪያ ክፍል ነበር። በዚህ ብርድ የሚከራዩት ቤት እያጡ ዓመት ሳይሞላቸው ዝውውር ይጠይቃሉ። የተሠራው ግን የግቢ በር ነው። ትልቅ የብረት በር፣ የማህበሩ ስም በቀለም ተጽፎበታል። እኛ በምርቃቱ ቀን ተጠርተን አጨበጨብን። «የማህበረሰቡ ተሳትፎ» ተብሎ ሪፖርት ላይ የገባው ያ ጭብጨባ ነው።

ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም። የወረዳ ሰውም በር ይወዳል፤ በቴሌቪዥን ያምራል። ግን በሚቀጥለው ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት መምህራኑንና የወላጅ ኮሚቴውን በቀጥታ አነጋግሩ። ደብዳቤውም ላይ ምን እንደሚሠራ ማን እንደሚመርጥ፣ ባለሙያውን ማን እንደሚቀጥር፣ ወጪውን ማን እንደሚቆጣጠር ስሙ ይጻፍ። መንገዱ እንደ ልብ ስለማይሆን መጥታችሁ ማየት ይቸግራችኋል፤ ስለዚህ እዚህ ያለነው ሰዎች የምንፈርምበት ቦታ ይኑር።

ከለንደን፦

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። የመሐል ሜዳው ወንድማችን ደግሞ ያለው ገብቶናል፤ ትንሽ ቢያምም። ስለ በሩ የጻፈውን ለኮሚቴው አነበብኩላቸው፣ ለደቂቃ ማንም አልተናገረም። ከዚያ አንዷ እህታችን «የመምህራኑ ክፍል ስንት ይፈጃል?» አለች። ግምቱን ከወላጅ ኮሚቴው ጋር ሆነህ ብትልክልን በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ እናቀርበዋለን።

የካውንስሉን ጥያቄ ዛሬ ማታ በኢሜይል እልካለሁ። የባንክ ሂሳቡ ላይ ሁለተኛ ፈራሚ እንፈልጋለን። ለንደን ያላችሁ፣ ቅዳሜ የማትሠሩና ስብሰባ የማትቀሩ ሰዎች፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።