ለዓሣ ማጥመጃ ማባበያ አንድ ቋጠሮ ይበቃል ወይስ ቋጠሮው እንደ ማባበያው ይለያይ?

የውይይቱ አቅራቢ፦

በውሃ ውስጥ የተፈታ ቋጠሮ የሚጎዳው ያሰረውን ሰው ብቻ አይደለም። ዓሣን ለመሳብ ከእንጨት፣ ከብረት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራው ማባበያ ከነመንጠቆዎቹ በዓሣው አፍ ላይ ይቀራል፤ ክሩ ተበጥሶ ከቀረ ደግሞ ወፎችንና ሌሎች እንስሳትን እየተበተበ በውሃው ውስጥ ለረጅም ዘመን ይቆያል። ስለዚህ የቋጠሮ ምርጫ ለእያንዳንዱ አጥማጅ ፈቃድ ብቻ የሚተው ጉዳይ ነው ብዬ አላምንም።

ለክርክር የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ ጀማሪዎችን የሚያሠለጥን ሁሉ ማባበያን ከክር ጋር ለማሰር ፓሎማር የተባለውን ቋጠሮ ብቻ ያስተምር። አሠራሩ በቀላሉ ይያዛል። ክሩን አጥፎ ድርብ በማድረግ በማባበያው ዐይን (ክሩ በሚታሰርበት ቀዳዳ) ማሳለፍ፣ በድርቡ ክር አንድ ልል ቋጠሮ መቋጠር፣ ማባበያውን በተረፈው ቀለበት ውስጥ አሾልኮ ማውጣት፣ ከዚያም አርጥቦ ቀስ ብሎ ማጥበቅ ነው። ዐይኑን የሚነካው ክር ድርብ በመሆኑ ጫናው ይከፋፈላል፤ ቋጠሮው በናይለንም ሆነ በተጎነጎነ ክር በደንብ ይይዛል። ሰባት ቋጠሮ በግማሽ ከሚያውቅ ሰው ይልቅ አንዱን በጨለማም ማሰር የሚችል ሰው ለውሃው ይሻላል።

የባሕር አጥማጅ፦

ያነሡት ሥጋት እውነተኛ ነው፤ መፍትሔዎ ግን ማባበያው የተሠራበትን ዓላማ ወደ ጎን ይተዋል። ትንሽ ዓሣ መስሎ እንዲዋኝ የተቀረጸ ማባበያ ግራና ቀኝ ለመወዛወዝ ነፃነት ይፈልጋል። ፓሎማርም ሆነ ክሊንች የተባለው ሌላ የተለመደ ጥብቅ ቋጠሮ ዐይኑን አጥብቀው ስለሚይዙ፣ በተለይ ክሩ ወፍራምና የማይተጣጠፍ ሲሆን፣ የማባበያው አፍንጫ በክሩ አቅጣጫ ተገትሮ ይቀራል፤ እንቅስቃሴውም ይሞታል። ዓሣ የማይነካውን ማባበያ በጠንካራ ቋጠሮ ማሰር ለማን ይጠቅማል?

ለእንዲህ ዓይነቱ ማባበያ የሚስማማው ከዐይኑ ፊት ትንሽ ክፍት ቀለበት የሚተው ቋጠሮ ነው። አሜሪካዊው የማጥመድ መምህር ሌፍቲ ክሬህ በስፋት ያስተዋወቀው የማይንሸራተት የቀለበት ቋጠሮ፣ በጥንቃቄ ከታሰረ፣ በጥንካሬው ከጥብቅ ቋጠሮዎች ብዙ የሚያንስ አይደለም። ዙሩ እንደ ክሩ ውፍረት ይለያያል፤ በቀጭን ክር እስከ 7 ዙር ይጠመጠማል፣ ክሩ እየወፈረ ሲሄድም ወደ 5፣ ወደ 4፣ ወደ 3 ዝቅ ይላል። በአንጻሩ ማባበያው ከፋብሪካ ስፕሊት ሪንግ (በዐይኑ ላይ የሚገባ ትንሽ የብረት ቀለበት) ተገጥሞለት ከመጣ ነፃነቱን ቀለበቱ ስለሚሰጠው ጥብቅ ቋጠሮ ይበቃዋል። እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር አልለያይም።

መካኒካል መሐንዲስ፦

ሁለታችሁም ስለ ማባበያው ተናገራችሁ፤ ክሩ ግን ተረሳ። እኔ በበኩሌ ጥያቄው ከክሩ መጀመር አለበት እላለሁ።

ቋጠሮ የሚይዘው በሰበቃ ኃይል ነው። ገመድ በግንድ ላይ አንድ ዙር ሲጠመጠም በእጅ መያዝ ያስቸግራል፣ ሦስትና አራት ዙር ሲሆን ግን አንድ ጣት ይበቃዋል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን መያዣ ያባዛዋል እንጂ በላዩ ላይ ብቻ አይደመርም። በቋጠሮም እንዲሁ ነው። ሆኖም ብዜቱ የተመሠረተው በክሩ ልስላሴ ላይ ነው። የተጎነጎነው ክር የሚሠራበት ፖሊኤትሊን እጅግ ሙልጭልጭ በመሆኑ፣ ናይለንን አጥብቆ የያዘ ክሊንች በዚያው የዙር ቁጥር የተጎነጎነውን ክር ሊለቀው ይችላል። ወፍራም ክር ላይ ደግሞ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ ዙሩ ሲበዛ ቋጠሮው ተሰብስቦ አይጠብቅም፣ ያልጠበቀ ቋጠሮም ጫና ሲመጣበት በድንገት ይንሸራተታል። የባሕር አጥማጁ የጠቀሱት የዙር መቀነስ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ሙቀት ነው። ደረቅ ናይለን ወይም ፍሎሮካርቦን የተባለው ሌላ የፕላስቲክ ክር በፍጥነት ሲጠብቅ ክሩ እርስ በርሱ እየተፋተገ ይሞቃል፤ ገጹ ይጎዳል፣ ሲሳብም የሚበጠሰው እዚያው ላይ ነው። ማርጠብ የቋጠሮው አካል ተደርጎ መቆጠር አለበት፤ እንደ ትርፍ ጥንቃቄ የሚያስተምሩትን አልስማማቸውም።

ሦስተኛ፣ «ይህ ቋጠሮ የክሩን ጥንካሬ 95 በመቶ ይጠብቃል» የሚሉ አኃዞች በየቦታው ይነበባሉ። ክሩ ምን እንደነበረ፣ ምን ያህል እንደወፈረ፣ ርጥብ ይሁን ደረቅ፣ በዝግታ ይሳብ ወይም በድንገት ይነጠቅ ካልተገለጸ አኃዙ ክርክር አይፈታም። ናይለን ውሃ ሲጠጣ ከጥንካሬው የተወሰነውን ያጣል። በ1939 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የስፖርት ማጥመድ ማኅበር ለክብረ ወሰን የሚቀርብለትን ክር አርጥቦ የሚፈትነውም በዚህ የተነሣ ነው።

የጀማሪዎች አሠልጣኝ፦

ክቡር አቅራቢ፣ «አንድ ቋጠሮ በደንብ» በሚለው መርሕ እስማማለሁ፤ የመረጡት ቋጠሮ ግን አያስማማኝም። ፓሎማር ለአንድ መንጠቆ ግሩም ነው። ሁለት ወይም ሦስት ባለሦስት ጥፍር መንጠቆ የተንጠለጠለበትን ረጅም ማባበያ በቀለበቱ ውስጥ ለማሾለክ ሲሞከር ግን መንጠቆዎቹ ክሩን ይቧጥጡታል፣ የጀማሪውንም ጣት ይወጋሉ። ቀለበቱን ለማስፋት ብዙ ክር ይባክናል፤ ድርቡ ክር ሲጠላለፍም የተማሪው ዐይን ስሕተቱን አያየውም። በጠባብ ዐይን ወፍራም ክር ደርቦ ማሳለፍ ራሱ አንዳንዴ አይቻልም።

እኔ የማስቀድመው ዩኒ የተባለውን ቋጠሮ ነው። ክሩ ነጠላ ሆኖ በዐይኑ ያልፋል፣ ጫፉ ወደ ኋላ ተመልሶ ቀለበት ይሠራል፣ በቀለበቱ ውስጥ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ በዋናው ክርና በራሱ ላይ ይጠመጠማል፣ ከዚያ ይጠብቃል። ማባበያው ባለበት ተንጠልጥሎ ይቆያል። ይኸው ቋጠሮ ክርን በማጥመጃው ዘንግ ላይ ካለው መጠቅለያ ጋር ለማሰር ያገለግላል፤ ሁለቱን ፊት ለፊት በማድረግም ሁለት ክር ይቀጠልበታል። ከዚህም በላይ ቋጠሮውን ወደ ዐይኑ ከመግፋት በፊት ካጠበቅነው ክፍት ቀለበት ይሰጠናል። ስለዚህ አንድ ቋጠሮ በማስተማር የባሕር አጥማጁን ጥያቄም በከፊል እንመልሳለን።

የሐይቅ አጥማጅ፦

ለምን ይህን ያህል እንደክማለን? በክሩ ጫፍ አንድ ትንሽ ስናፕ (የሚከፈትና የሚዘጋ የሽቦ መያዣ) ከታሰረ ማባበያው ያለ ቋጠሮ ይቀያየራል፣ የመወዛወዝ ነፃነትም ያገኛል።

የባሕር አጥማጅ፦

ለአሠልጣኙ ያለኝ መልስ በ«በከፊል» ላይ ነው። በዩኒ የተተወው ቀለበት ዓሣው በኃይል ሲስብ ተንሸራቶ ዐይኑ ላይ ይጠብቃል። ከያዙት በኋላ መጥበቁ አይከፋም፤ ነገር ግን መንጠቆው በሣር ወይም በድንጋይ ተይዞ ሲሳብም ይጠብቃል፣ አጥማጁ ካላስተዋለም ቀኑን ሙሉ የሞተ ማባበያ ይጎትታል። እዚህ ከተነሡት ቋጠሮዎች መካከል ክፍትነቱ የሚጸና ቀለበት የሚሰጠው የማይንሸራተተው ብቻ ነው።

ስናፕን በተመለከተ፣ ለሚዋኝ ማባበያ ክብ አፍ ያለው ጠንካራ ስናፕ መጥፎ አይደለም። ለቀላልና ላይ ላይ ለሚንሳፈፍ ማባበያ ግን ክብደቱ አፍንጫውን ይጫናል። ሽቦው በመታጠፊያው ላይ ክፍት በሆነ፣ ተሽከርካሪ ቅጠል ባለው ማባበያ ላይ ደግሞ ስናፑም የቀለበት ቋጠሮውም በሽቦው ላይ ወዲያና ወዲህ ስለሚንሸራተቱ፣ እዚያ ጥብቅ ቋጠሮ ግድ ነው። በውሃው ወለል ላይ የሚጎተት ከባድ ማባበያም እንዲሁ ጥብቅ ይሻለዋል፤ ክፍት ቀለበት ሣር ይሰበስባል፣ ወደ እጅ የሚደርሰውንም ስሜት ያደበዝዛል። እነሆ፣ አንድ ቋጠሮ ለሁሉም እንደማይበቃ ማባበያዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ።

የውይይቱ አቅራቢ፦

ስለ ባለሦስት ጥፍር መንጠቆ የተነገረው ተገቢ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ማባበያ ፓሎማርን ግዴታ ማድረግ ጀማሪውን ማስቸገር ነው። ስለዚህ ሐሳቤን አሻሽላለሁ፦ የመጀመሪያው ትምህርት ዩኒ ይሁን፤ ማባበያው የተጎነጎነ ክር ላይ በቀጥታ ሲታሰርና መንጠቆው አንድ ሲሆን ፓሎማር ይከተል። የቀለበት ቋጠሮን ግን በመጀመሪያው ቀን ትምህርት ውስጥ ለማስገባት አልስማማም። ዙሩን እንደ ክሩ ውፍረት መቁጠር የሚጠይቅ ቋጠሮ ክርን በጣቱ ለይቶ ለማያውቅ ሰው ገና ነው።

የጀማሪዎች አሠልጣኝ፦

የተሻሻለውን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ማንም ተማሪ ማባበያውን ከመወርወሩ በፊት መንጠቆውን በማይወጋው ነገር ላይ አስይዞ ቋጠሮውን በርጥብነቱ ጠንከር አድርጎ ይሳበው። ከተንሸራተተ ይቁረጠውና እንደገና ይሰር። ትልቅ ዓሣ ከወጣ በኋላ ወይም ክሩ በድንጋይ ከተፋተገ በኋላም ቋጠሮው ሳይበጠስ ቢቆይ እንኳ ከላዩ ያለው ሻካራ ክፍል አብሮ ተቆርጦ ይጣል፤ ቁራጩም ወደ ውሃው ሳይሆን ወደ ኪስ ይግባ። ክሬህ ያስተዋወቀው የቀለበት ቋጠሮ ጨርሶ ይቅር ከተባለ ግን አልቀበልም፤ በሁለተኛው ቀን አስተምረዋለሁ።