ቪትዝ መኪናዬ ውሃ መሀል ሞተሯ ጠፋብኝ፣ ሳሪስ አቦ አካባቢ ጀምፐር ያለው ሰው? አሁን ነው

የሳሪሱ፦
ሰዎች በናታችሁ ሳሪስ አቦ አካባቢ ጀምፐር ኬብል (ከሌላ መኪና ባትሪ የሚያስነሳ ገመድ) ያለው አለ? ዝናቡ ድንገት ወረደ፣ ከፊቴ የነበረው ሚኒባስ ሲያልፍ አይቼ ተከተልኩት፣ እሱ አለፈ፣ እኔ መሀል ስደርስ ነቅነቅ አለችና ጥፍት። ቁልፍ ስመልስ አንዴ ጧ ይላል ከዛ ዝም። ሰሞኑን ባትሪው ደክሞ ነበር ስለዚህ ባትሪ ነው። እናቴ ከኋላ አለች ጉልበቷን ያማታል፣ ውሃው ምንጣፉ ላይ ወጥቷል። ስልኬም እያለቀ ነው ቶሎ በሉ

ሀብትሽ፦
ገፍተህ አስነሳት ወንድሜ። ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፣ ሁለት ጎረምሳ ይግፋህ፣ ስትንቀሳቀስ ፍሪሲዮኑን (የግራ ፔዳሉን) ልቀቅ። እኔ ክረምት ክረምት እንደዚህ ነው የማስነሳው

ዶፍ፦
ዘንድሮ ቪትዝ ሲሸጥ መቅዘፊያ አብሮ ይሰጥ ሃሃሃ

ቀለበት መንገድ፦
እኔ ሁሌም የምለው ነው። ውሃው የሚፈስ ከሆነ ሚኒባስ አለፈ ብሎ መግባት አይሆንም። የሚኒባስ ቁመቱም ክብደቱም ሌላ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር የሚፈስ ውሃ ትንሽ መኪና ማንሳት ይችላል፣ 60 ከደረሰ ትልልቁንም ይወስዳል። ደግሞ እናንተ ሰፈር ባይዘንብም ዋጋ የለውም፣ እንጦጦ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፣ አቃቂ ቃሊቲ ከዛ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፣ ላይ የዘነበው ሁሉ ቱልቱል ብሎ የሚወርደው ወደ እናንተ ነው። ቱቦው በሀይላንድ ጠርሙስና በፌስታል ተደፍኖ ውሃው የት ይግባ? ቆሻሻ ከመኪና መስኮት የሚወረውር ሰው ሁሉ ይሄን ማንበብ አለበት

የሳሪሱ፦
ወንድሜ ልክ ነህ ግን አሁን ውሃው ውስጥ ነኝ፣ ጀምፐር ያለው ካለ ይንገረኝ

ሄለን ጎሮ፦
ቀለበት መንገድ ሰውየው እናቱን ይዞ ነው ያለው፣ ስብከቱን ነገ። የሳሪሱ እናትህን አሁኑኑ አውጣቸው። ውሃው ከጨመረ በሩን መክፈት ራሱ ያቅትሃል። መስኮቱ በኤሌክትሪክ ከሆነ እየሰራ እያለ ዝቅ አድርገው። ካቃተህ 939 እሳትና ድንገተኛ አደጋ ደውል

ጋራዥ ነው የዋልኩት፦
ቁልፉን ተወው!! ሁለተኛ እንዳትሞክር። መብራቱና ሬድዮው ይሰራል ወይ? ከሰራ ባትሪ አይመስለኝም። ምን መሰለህ፣ አየር የምትስብበት ቱቦ ከፊት ነው ያለው፣ በሱ በኩል ውሃ ጠጥታ ከሆነ ሲሊንደር ውስጥ ገብቷል። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ አየር ይታመቃል፣ ውሃ ግን አይታመቅም፣ ስለዚህ ሞተሩ ይቆልፋል፣ ያ ጧ የሚለው እሱ ነው። አሁን ጀምፐር ሰክተህ በግድ ካዞርከው ቢዬላው (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ይጣመማል፣ ከዛ በኋላ የምናወራው ስለ ሞተር መቀየር ነው። ባትሪም ቢሆን ይደርሳል፣ ሳይታይ ግን አይዞርም

ሀብትሽ፦
እኔም ያልኩት እሱን ነው፣ ጀምፐር አያስፈልግም ገፍቶ ማስነሳት ነው

ጋራዥ ነው የዋልኩት፦
ሀብትሽ መግፋትም ያው ነው፣ ውሃ ያለበትን ሞተር በጎማው በኩል ማዞር ነው። ደግሞ አብዛኛው ቪትዝ አውቶማቲክ ነው፣ የቱን ፍሪሲዮን ነው የሚለቀው?

የሳሪሱ፦
አዎ አውቶማቲክ ናት። መብራቱም ሬድዮውም ይሰራል። ባትሪው ግን ደክሞ ነበር እኮ ጠዋት እንኳ በስንት መከራ ነው የተነሳችው። እናቴን የሰፈር ልጆች አዝለው አወጡልኝ እግዜር ይስጣቸው፣ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች

ሄለን ጎሮ፦
ተመስገን። አንተም ስትወጣ ውሃው ውስጥ ዝም ብለህ አትራመድ። የቱቦ ክዳን ተሰርቆ ክፍት የሆነ ጉድጓድ ከላይ አይታይም፣ ውሃው ሽክርክሪት የሚሰራበትን ቦታ ራቅ። ዱላ ወይ የመጥረጊያ እንጨት ከሱቁ ተቀበልና ፊት ፊትህን እየነካካህ ሂድ። የኤሌክትሪክ ምሰሶም አትደገፍ፣ የወደቀ ገመድ ካለ ውሃው ውስጥ አትግባ። የኛ ሰፈር ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እጅ ለእጅ ተያይዘው በአስፋልቱ መሀል ነው የሚሄዱት፣ ጠርዙ ላይ ያለውን ጉድጓድ ስለሚያውቁት። ሹፌሮች እባካችሁ ልጆች ስታዩ ውሃውን አትርጩባቸው፣ ቀስ በሉ

ደቻቱ፦
እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጎርፉ የመጣው በሌሊት ነው፣ ደጋው ላይ የዘነበ ነው ደቻቱ ወንዝን ሞልቶ የወረደው፣ ሰው ተኝቶ እያለ። ከ200 በላይ ሰው ነው ያለቀው። መኪና ይገዛል ወንድሜ፣ ሰው ከወጣ አልቋል፣ ለመኪናው ብለህ ተመልሰህ አትግባ

አዲስ ሹፌር፦
የባትሪው ተርሚናል (ገመዱ የሚታሰርበት ጫፍ) ዝጎ ከሆነስ? የኔ አንዴ እንደዛ ብሎ በሙቅ ውሃ ሳጥበው ተነሳ

ጋራዥ ነው የዋልኩት፦
ሊሆን ይችላል ብያለሁ እኮ፣ ግን ጎርፍ መሀል የጠፋች መኪና ላይ ከተርሚናል አይጀመርም። የሳሪሱ ስማኝ፣ ውሃው ሲጎድል ማርሹን ኤን (ነጻ) ላይ አድርገህ በሰው ጉልበት ደረቅ ቦታ ድረስ ብቻ ግፏት። የባትሪውን ነጋቲቭ ገመድ ፍታ። ከዛ የአየር ፊልትሮውን (ማጣሪያውን) ቤት ክፈት፣ መቆለፊያዎቹን በእጅህ ታነሳቸዋለህ። ፊልትሮው ደረቅ ከሆነ እሰየው፣ ያኔ ስለ ባትሪህ እናወራለን። ከረጠበ ግን መካኒክ ካንዴላዎቹን (ሲሊንደር ውስጥ እሳት የሚሰጡትን) በሙሉ ያውጣ፣ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ኮይልና የነዳጅ ፊውዙን ነቅሎ ነው ስታርት የሚያደርገው፣ ውሃው በካንዴላው ቀዳዳ ተተፍቶ ይወጣል፣ ፊታችሁን አርቁ። የዘይት መለኪያውንም ሳበው፣ ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ ሳይቀየር እንዳይነሳ፣ የካምቢዮውንም (የማርሽ ሳጥኑንም) ዘይት ያሳይህ። ወደ ጋራዥ ስትወስዳት በገመድ አታስጎትት፣ አውቶማቲክ ስለሆነች በሚጭን መኪና ወይ የፊት ጎማዋን አንስቶ በሚጎትት

ኢንሹራንስ ጋ የምሰራ፦
ከመነካካትህ በፊት ውሃው የደረሰበትን ቦታ በሩ ላይ ያለውን ምልክት ጨምሮ ፎቶ አንሳ፣ ዛሬውኑ ደውልላቸው። ያለህ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ብቻ ከሆነ ግን በአዋጅ 799/2005 ግዴታ የሆነው እሱ ሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ነው፣ ያንተን መኪና አይሸፍንም። ሙሉ ከሆነ ውሉ ላይ ጎርፍ የሚለውን አንብብ፣ ውሃ ገብቶባት እያወቅክ አስነስተህ የሰበርከውን ላይከፍሉህ ይችላሉ

ሀብትሽ፦
ቪትዝ ላይ ሁለት ሺህ ጊዜ አይቻለሁ ተገፍታ ትነሳለች

ዶፍ፦
ሀብትሽን ራሱን ሁለተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ግፉት ሃሃሃ። የምር ግን የሳሪሱ እኔ ቃሊቲ መናኸሪያ ጋ ነኝ፣ ፒክ አፕ አለኝ ውሃው ሲጎድል እናትህን ቤት ማድረስ እችላለሁ፣ በውስጥ ጻፍልኝ። ጀምፐርም አለኝ ግን መካኒኩ እስኪያያት አላወጣውም

የሳሪሱ፦
ዶፍ ተባረክ ጻፍኩልህ። ነጋቲቩን በምንድነው የምፈታው ቁልፍ የለኝም

ጋራዥ ነው የዋልኩት፦
10 ቁልፍ ነው፣ ሱቁ ወይ ማንም ባለ ባጃጅ አያጣም። ከሌለ ተወው፣ የመኪናውን ቁልፍ ነቅለህ ኪስህ ክተት፣ ማንም እንዳይሞክራት

አዲስ ሹፌር፦
እኔም ዛሬ ውሃ አልፌ ቤት ደርሻለሁ ግን ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ አልይዝ ብሎ አስደነገጠኝ፣ አሁን ደህና ነው። ላሳየው?

ጋራዥ ነው የዋልኩት፦
ፍሬኑ ረጥቦ ነው። ከውሃ እንደወጣህ፣ ቁልቁለት ከመድረስህ በፊት፣ በዝግታ እየነዳህ ፍሬኑን ነካ ነካ አድርገው፣ እየሞቀ ይደርቃል። ነገ ጠዋት ከቆመችበት ስታንቀሳቅሳት ጎማው ከያዘ ወይ የሚያፋጭ ድምፅ ካለው ጭቃ ገብቶበታል፣ አሳጥበው። የሳሪሱ ፊልትሮው ምን ይመስላል?

ሄለን ጎሮ፦
የሳሪሱ እናትህ ደረሱ?

አዲስ ሹፌር፦
አመሰግናለሁ። ስለ መጫን ካነሳችሁ አይቀር፣ ከሳሪስ ቃሊቲ ጭኖ ለመውሰድ አሁን ስንት ይጠይቃሉ?