ከአንገት ወደ ታች የሚሠራ ባለ መስመር ራግላን ሹራብ፦ መስመሩ አልገጥም አለኝ

ጥያቄ
እህቶች ሰላም። ከአንገት ወደ ታች የሚወርድ ራግላን ሹራብ (የእጅጌው መገናኛ ከአንገት እስከ ብብት በሰያፍ የሚወርድ) ይዣለሁ፤ ሲያልቅ የደረቱ ዙሪያ 90 ሴንቲ እንዲሆን ነው የምፈልገው። በ4.5 ሚሊ ክብ መርፌ 10 ሴንቲ ላይ 20 ዓይን (መርፌው ላይ ያለው የክር ቀለበት) እና 28 ዙር ይወጣኛል። 88 ዓይን ጀምሬ የአንገቱን ላስቲክ ጨርሻለሁ። ቀጥሎ ነጭና ሰማያዊ፣ አራት አራት ዙር ነው። ዓይኑን ለፊት፣ ለጀርባና ለእጅጌ ስንት ስንት ላካፍለው? በናሙናው ላይ ደግሞ ዙሩ የሚጀምርበት ቦታ መስመሩ ደረጃ ሠርቷል፤ ዓይን የጨመርኩበት ጋ የበፊቱ ቀለም ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል።

መልስ 1
ለፊት 34፣ ለጀርባ 34፣ ለእጅጌዎቹ 10፣ 10። አራቱ መገናኛዎች ላይ ሌላ ቀለም ክር እንደ ቀለበት ቋጥረሽ መርፌው ላይ አስገቢ። ከእያንዳንዱ ምልክት በፊትና በኋላ አንድ አንድ ስትጨምሪ በዙር 8 ዓይን ይጨመራል። በየሁለት ዙሩ 24 ጊዜ ጨምሪ፦ 48 ዙር፣ 17 ሴንቲ ገደማ። ፊትና ጀርባ 82፣ እጅጌ 58 ይደርሳሉ። 48 ዙር ልክ 12 መስመር ስለሆነ ብብት ላይ እጅጌዎቹን ከገላው ስትለዪ መስመሩ መሀሉ ላይ አይቆረጥም። በየብብቱ 8 አዲስ ዓይን ስትጀምሪ ገላው 180 (90 ሴንቲ)፣ እጅጌው 66 (33 ሴንቲ) ይሆናል።

ነጠብጣቡ የሚመጣው በሁለት ዓይን መሀል ያለውን ክር አንስተሽ ስለምትጨምሪ ነው። ያ ክር ያለፈው ዙር ነው፤ ቀለም በቀየርሽበት ዙር ካነሳሽው የድሮውን ቀለም ይዞ ይወጣል። በየመስመሩ 2ኛና 4ኛ ዙር ላይ ብቻ ጨምሪ፣ ይጠፋል።

መልስ 2
ደረጃውን በተመለከተ፦ ክብ ሥራ እየተጠማዘዘ ይወጣል እንጂ ዙሩ አይዘጋም፤ የመጨረሻው ዓይን ሁሌም ከመጀመሪያው አንድ ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው። አዲሱን ቀለም አንድ ዙር እንደወትሮው ሥሪ። ሁለተኛውን ዙር ስትጀምሪ ከመጀመሪያው ዓይን ሥር ያለውን የድሮውን ቀለም ዓይን በቀኝ እግሩ (በቀለበቱ ቀኝ ጎን) አንስተሽ ግራ መርፌ ላይ ጫኚና ሁለቱን አንድ ላይ ሥሪ። ያ ቦታ በአንድ ዙር ያጥርና መስመሩ ይገጥማል። የዙሩን መነሻ በግራ ጀርባና በእጅጌው መገናኛ ላይ ብታደርጊው የራግላኑ መስመር የቀረውን ይሸፍነዋል።

ክሩን በየመስመሩ አትቁረጪ። ያልያዝሽውን ቀለም በ3ኛው ዙር መነሻ ላይ ከምትሠሪበት ጋር አንዴ አጣምሪው፤ ግን ላላ ይበል። ከጎተትሽው ውስጥ በኩል ይሰበሰብና ሹራቡ በአንድ ጎን ያጥራል፤ ይህ ደግሞ በእጥበት አይስተካከልም።

መልስ 3
መስመሩን ከመጀመርሽ በፊት ጀርባውን ከፍ አድርጊው፤ አለበለዚያ የፊቱ አንገት ጉሮሮ ላይ ይመጣል። በላስቲኩ ቀለም፣ ዓይን ሳትጨምሪ፣ ጀርባውን ሠርተሽ እጅጌው ውስጥ 3 ዓይን ገብተሽ ተመለሺ፤ በሌላውም ጎን እንዲሁ። ቀጥሎ 6 ዓይን፣ ከዚያ 9። ስድስት ረድፍ፣ 2 ሴንቲ ገደማ ነው። በምትመለሺበት ቦታ ቀጣዩን ዓይን በክሩ አንዴ ጠምጥሚው፣ ካልሆነ ቀዳዳ ይቀራል። መስመር ውስጥ ከሠራሽው ግን ጀርባው ላይ መስመሩ ይወፍራል።

ጠያቂዋ
አመሰግናለሁ። እጅጌውን ስጀምር በየትኛው ቀለም ልነሳ?

መልስ 2
ገላው ብብት ሥር በጀመረበት ቀለም። 12ኛው መስመር ሙሉ ስለሆነ ገላውም እጅጌዎቹም በ13ኛው ይነሳሉ፤ መነሻውን የብብቱ 8 ዓይን መሀል ላይ አድርጊ። በሁለቱ ጥግ አንድ አንድ ትርፍ ዓይን አንስተሽ በቀጣዩ ዙር ከጎኑ ጋር አጣምሪ፣ ቀዳዳው ይዘጋል። እጅጌ ጠባብ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አሠራሩ ጠበቅ ይላል፤ 8 ዙር ሠርተሽ ሁለቱን መስመር ከገላው ጋር ለኪው፣ ካነሰ ወደ 5 ሚሊ መርፌ ቀይሪ።