ማርሽ አልገባ አለኝ፤ ነገ ማለዳ ደባርቅ መድረስ አለብኝ

ጠያቂ፦
ወገኖቼ፣ የምታውቁ ካላችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። እዚህ ጎንደር ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስወጣ መኪናዬ ማርሽ አልቀበል አለችኝ። አንደኛን ለማስገባት ጉልበት ይጠይቃል፤ ሁለተኛ ስትገባ ጭርር የሚል ድምፅ ታሰማለች፤ የኋላ ማርሽ ደግሞ እየፈጨ ይመልሰኛል። በአቅራቢያ ያገኘሁት መካኒክ ካምቢዮው (ማርሾቹ ያሉበት ሳጥን) መውረድ አለበት ብሎኛል። ነገ ማለዳ ግን እናቴን ለሆስፒታል ቀጠሮ ከደባርቅ ማምጣት አለብኝ። ምን ላድርግ?

የረጅም መንገድ ሾፌር፦
ልጄ፣ የመኪናዋን ዓይነት እንኳ ሳትነግረን ምን ብለን እንመልስልህ? ለማንኛውም የካምቢዮ ዘይቷን ቀይር። ዘይት የጎደለው ካምቢዮ ማርሽ ማስቸገሩ የታወቀ ነው።

የጋራዥ ባለሙያ (ማራኪ)፦
ካምቢዮ ይውረድ ወደሚለው ከመሄድዎ በፊት ምንም ወጪ የሌለው አንድ ሙከራ ያድርጉ። መኪናዋን ሜዳ ቦታ ላይ አቁመው፣ የእጅ ፍሬን ይዘው፣ ሞተሩን ያጥፉና ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያላቅቀውን ፔዳል) ረግጠው ሁሉንም ማርሽ በየተራ ያስገቡ። ሞተሩ ጠፍቶ ሁሉም በቀላሉ ከገቡና ሞተሩ ሲነሣ ብቻ ካስቸገሩ፣ ችግሩ በአብዛኛው ካምቢዮው ውስጥ ሳይሆን ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አለመላቀቁ ነው። ሞተሩ ጠፍቶም የሚከብድ ከሆነ ግን ከማርሽ ዱላው እስከ ካምቢዮው ያለውን ገመድና መገጣጠሚያ ማየት ያስፈልጋል። በተጨማሪም ሞተሩ በርቶ ፔዳሉን ደጋግመው ሲረግጡት ማርሹ የሚለሰልስ መሆን አለመሆኑን ይንገሩን።

ከቀበሌ 18፦
ደባርቅ ያለው ወደ ፊት ስለሆነ የኋላ ማርሽ እስከ ነገ ቢያርፍ አይከፋም። ቀልዱን ልተወውና፣ ከፔዳሉ ሥር ያለውን ምንጣፍ አንሣው። ወፍራም ምንጣፍ ተጣጥፎ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው እንዳይወርድ ሲያግድ አይቻለሁ፤ ያን ጊዜም ማርሹ ልክ እንዳልከው ይጮኻል።

ጠያቂ፦
ይቅርታ፣ መኪናዋ አሮጌ ኮሮላ ናት። ሞተሩ ሲጠፋ ሁሉም ማርሽ ያለ ምንም ድምፅ ይገባል። ሞተሩ በርቶ ፔዳሉን ደጋግሜ ከረገጥሁት ደግሞ አንደኛ ትገባልኛለች፤ ትንሽ ቆይታ ግን ተመልሳ ትከብዳለች። ዘይቱን በቅርቡ ስላስቀየርሁ ያ ምክንያት አይመስለኝም።

የቴክኒክ መምህር፦
ይህ መልስህ ነገሩን በግማሽ ፈትቶታል። ፍሪሲዮን ስትረግጥ በላይኛው ማስተር (ከፔዳሉ ጋር በተያያዘው ዘይት ገፊ ሲሊንደር) ውስጥ ያለው ዘይት በቀጭን ቧንቧ ተገፍቶ ታችኛውን ሲሊንደር ይገፋል፤ ታችኛው ሲሊንደር ሹካውን፣ ሹካው ኩሽኔታውን ይገፋና የፍሪሲዮኑ ዲስክ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ይላቀቃል። በዘይቱ መንገድ ውስጥ አየር ከገባ ወይም በማስተሩ ውስጥ ያለው ጎሚኒ (ዘይቱን የሚያግደው ጎማ) አልቆ ዘይቱን ወደ ኋላ ካሳለፈው፣ ፔዳሉ ወለሉን ቢነካም ዲስኩ በጥቂቱ እንደተያዘ ይቀራል፤ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግም ከሞተሩ ጋር መዞሩን አያቆምም። ወደ ፊት የሚያስኬዱት ማርሾች ሲንክሮናይዘር የሚባለው የነሐስ ቀለበት ስላላቸው ለጊዜው ይታገላሉ፤ የኋላ ማርሽ ግን በብዙ መኪኖች ላይ ይህ ቀለበት ስለሌለው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጮኸው እሱ ነው። ማርሹን በጉልበት እየገፋህ የምትነዳ ከሆነ ዛሬ ደኅና የሆነው ቀለበት ተበልቶ፣ ያ መካኒክ ያለው ካምቢዮ የማውረድ ሥራ የግድ ይሆናል።

የረጅም መንገድ ሾፌር፦
እኔ አሁንም የካምቢዮውን ዘይት ቀይር እላለሁ።

የጋራዥ ባለሙያ (ማራኪ)፦
ጋሼ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ሁሉም በቀላሉ ከገባ ዘይቱ ዋናው ምክንያት ሊሆን አይችልም። ሆኖም ጠያቂያችን፣ የቀየሩልዎት ዘይት ምን እንደነበር ማጣራቱ አይጎዳም። ለዚህ ዓይነቱ ካምቢዮ የተለመደው ውፍረት 75 ደብሊው 90 ሲሆን፣ ጂኤል 4 የሚል ምልክት ያለው ለነሐሱ ቀለበት ይስማማል። ለዲፈረንሺያል (ኃይሉን ለግራና ቀኝ ጎማ ለሚያከፋፍለው) የታሰበውን ጂኤል 5 ዘይት የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ካልፈቀደ አያስገቡ። አሁን ኮፈኑን ከፍተው የፍሪሲዮኑን ዘይት መጠን ይመልከቱ፤ ከዚያም ከፔዳሉ በላይ፣ የማስተሩ ዘንግ ከሚገባበት ቦታ ጣትዎን ሰደው ይዳስሱ።

ጠያቂ፦
ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ወርዷል። ከፔዳሉ በላይ ስዳስስ ጣቴ ረጠበ፤ ምንጣፉም ላይ የረጠበ ቦታ አለ። ዘይት ጨምሬበት ነገ መሄድ እችላለሁ?

እናት ከዳባት፦
ልጄ፣ ሁሉም ስለ መኪናዋ ብቻ ተናገረ። ከወለቃ እስከ ኮሶዬ ያለውን ዳገትና ጠመዝማዛ በዚህ ዓይነት መኪና ለምን ትወጣዋለህ? እናትህ ከደባርቅ መናኸሪያ በማለዳ ሚኒባስ ቢሳፈሩ ይደርሳሉ። አንተ ጎንደር ላይ ተቀበላቸው። በሕዝብ መኪና መጓዝ የማይችሉ ከሆነም የዘመድ መኪና ለምነህ አምጣቸው።

የጋራዥ ባለሙያ (ማራኪ)፦
እናታችን ያሉት ትክክል ነው። ዘይቱ በማስተሩ በኩል ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ስለሆነ መጨመሩ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚያገለግለው። በአንዳንድ መኪኖች ደግሞ የፍሪሲዮኑና የፍሬኑ ዘይት ከአንድ ዕቃ ስለሚቀዳ፣ የእርስዎ እንዲያ ከሆነ ነገሩ የፍሬን ጉዳይም ነውና ጨርሶ አይንዱት። ማስተሩ ሲፈታ ውስጡ ካልተቧጠጠ ጎሚኒውን መቀየር ይበቃል፤ ከተቧጠጠ ግን ሙሉው ማስተር ይቀየር፣ አለዚያ አዲሱም ጎሚኒ ቶሎ ያልቃል። የዘይት ዕቃው ላይ የተጻፈውን ዶት 3 ወይም ዶት 4 የፍሬን ዘይት ብቻ ይጠቀሙ፤ የሞተር ዘይት ከገባ ጎሚኒዎቹን ሁሉ አሳብጦ ያበላሻል። ቀለም ላይ ከፈሰሰም ወዲያው በውኃ ይታጠብ፣ ቀለሙን ይልጠዋልና። በመጨረሻም አንድ ሰው ፔዳሉን ረግጦ ሲይዝ፣ ሌላው ታችኛው ሲሊንደር ላይ ያለችውን ማስተንፈሻ (አየር ማስወጫ ብሎን) ከፍቶ፣ ፔዳሉ ከመለቀቁ በፊት እየዘጋ፣ አረፋ የሌለው ዘይት እስኪወጣ ድረስ ይደጋግሙት። ላይ ያለው ዘይት እስከ ታች እንዳይወርድ በመካከል እየጨመሩ ይሥሩ፤ አለዚያ አየሩ ተመልሶ ይገባል።

ከቀበሌ 18፦
ወንድሜ፣ እናትህ ደረሱ ወይ? ማስተሩስ ተቀየረ ወይስ ጎሚኒው ብቻ? የእኔም መኪና ጠዋት ጠዋት ሁለተኛ ላይ ብቻ መጮህ ጀምራለች፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይተዋታል። ማስተሩን ላስፈታ?

የጋራዥ ባለሙያ (ማራኪ)፦
የእርስዎ የተለየ ነው፤ ማስተሩን አያስፈቱ። ሌሎቹ ማርሾች ደኅና ሆነው ሁለተኛ ብቻ፣ እሱም በብርድ ጊዜ የሚጮህ ከሆነ የሁለተኛው ቀለበት መበላት ጀምሯል ወይም የካምቢዮው ዘይት ከሚገባው በላይ ወፍሯል። እዚህ ላይ የጋሼ ምክር ይሠራልና መጀመሪያ ዘይቱን ይቀይሩ።