አስቸኳይ! በብድር በተገዛ ሰንጋ አባቴን ሰረዟቸው

የደጋው ልጅ፦ ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ ሰኞ ጠዋት ቀበሌ ሊሄዱ ነው። ትናንት ስም ሲነበብ የአባቴ የለም። ሲጠይቁ «እርስዎማ ተመርቀዋል፣ ሁለት ሰንጋ አስረው» አሏቸው። ሰንጋዎቹ እኮ የብድር ናቸው! ከተገዙ ገና 6 ሳምንታቸው። እኔ ከተማ ነኝ፣ ሁሉንም በስልክ ነው የምሰማው። ምን ይዘው ይሂዱ?

ጭድ በጋሪ፦ ከምንድን ነው የተሰረዙት? ከማዳበሪያ ዝርዝር?

የደጋው ልጅ፦ ከሴፍቲኔት ነዋ፣ ከመንግሥት የምግብ ድጋፍ!

ዋርካ ሥር፦ እንኳን ደስ ያላችሁ። ካባው የሚሰፋው ለአባትህ ነው ለሰንጋው?

መምህሩ፦ ወንድሜ፣ ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው፣ በየዓመቱ ሲርብ እየጠበቁ እህል ማደል ስላላዋጣ ነው። ሥር የሰደደ የምግብ እጥረት ያለበት ቤተሰብ ለተከታታይ ዓመታት ይታቀፋል። ጉልበት ያለው እርከን፣ መንገድና ኩሬ ይሠራል፤ በነፍስ ወከፍ በወር 5 ቀን፣ በዓመት 6 ወር። አቅመ ደካማው ያለ ሥራ ይሰጠዋል። ምርቃት የሚባለው እንግዲህ ቤተሰቡ ያለ ድጋፍ ዓመቱን መግፋት ሲችል ነው። ከዚህ በፊት የነበረውን አሠራር ስናይ ደግሞ…

ጭድ በጋሪ፦ መምህር፣ ሰውየው ሰኞ ነው ቀጠሯቸው።

የሰንጋ ነጋዴ፦ እኔ አልስማማም። ሁለት ሰንጋ ያሰረ ሰው ቢወጣ ምን ይገርማል? ጎረቤቱ ዶሮ እንኳ የለው ይሆናል። ኮታው እንደሆነ የተቆጠረ ነው፣ አንዱ ካልወጣ ሌላው አይገባም።

የደጋው ልጅ፦ ብድሩን ያገኙት እኮ ሴፍቲኔት ውስጥ ስላሉ ነው! «አድልባችሁ ሽጡ፣ ኑሯችሁን አሻሽሉ» ተብለው። ዕዳው ሳይነካ ሰንጋውን ሀብት አድርገው ቆጠሩት። ቤት ውስጥ አምስት ነፍስ አለ።

የሰንጋ ነጋዴ፦ እሱን መጀመሪያ አትናገርም ነበር? እንዲያ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

የቀድሞ ዲኤ፦ ልማት ጣቢያ የግብርና ሠራተኛ (ዲኤ) ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ልናገር። አባትህ ሊቀመንበሩ ላይ ጮኸው እንዳይመለሱ። ቀበሌ ውስጥ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። ስም ዝርዝሩን ካወጣው ግብረ ኃይል የተለየ አካል ነው፣ ቢያንስ መሆን አለበት። ለእሱ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ሁለት ቅጂ፣ አንዱ ላይ ተቀባዩ ቀን ጽፎ ይፈርምበት። ይህቺን ፊርማ የሚንቅ ብዙ ነው፣ በኋላ ግን «አላመለከቱም» ሲባል ሌላ መልስ የለም። የብድር ውሉን፣ ቀሪ ዕዳቸውን የሚያሳይ ወረቀትና የተጠቃሚነት ካርዳቸውን ያያይዙ።

ደብዳቤው አይርዘም። ሰንጋዎቹ የዕዳ ናቸው፣ ዕዳው ቢቀነስ የሚተርፍ የለም፣ ጎተራው በዚህ ወር ባዶ ይሆናል። የመጨረሻዋን አስምሩባት፤ ቤቱ በዓመት ስንት ወር እህል ያጣል የሚለው ነው ዋናው ነገር። ቀበሌ ካልመለሰላቸው ያቺኑ የተፈረመባትን ይዘው ወረዳ።

ሰላም ለሁሉ፦ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ የሚባል አለ፣ እዚያ ይሂዱ።

ዋርካ ሥር፦ ከላይ ያለውን ሳያነብ የሚመልስ ሰውም ይመረቅልን።

አድላቢው፦ ከጉዳዩ ትንሽ ልውጣ። በድንጋጤ ሰንጋዎቹን ነገ እንዳይሸጧቸው! በ6 ሳምንት ገና የጎድን አጥንቱ መሸፈን ሲጀምር ነው፣ አሁን ቢሸጥ ትርፉ ለደላላ። ሦስት ወር ይሙላ። ፋጉሎ (ዘይት ተጨምቆ የሚተርፈው መኖ) መግዛት ከከበዳቸው ጭዱን በዩሪያ ያብሉት፤ ለ100 ኪሎ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያ፣ በ100 ሊትር ያህል ውኃ አሟሙቶ እየረጩ መጠቅጠቅ፣ በላስቲክ አፍኖ 3 ሳምንት ማቆየት። ሲከፈት ሽታው እስኪበርድ ይናፈስ፣ አለዚያ አይበሉትም። ዩሪያውን ወይም ውኃውን ግን ሰንጋ አይድረስበት፣ ይገድላል። አንድ ጎረቤቴ ባልዲ ረስቶ አንዱን ወይፈን ቀብሯል።

ጭድ በጋሪ፦ ዩሪያ ከየት ሊመጣ? ለዚህ እኮ ነው የማዳበሪያው ዝርዝር ላይ ስማቸው አለ ወይ ያልኩት።

የደጋው ልጅ፦ እሱ ላይስ አለ። ግን አሁን ደውዬ ነበር፣ የውሉ ቅጂ እጃቸው ላይ የለም። ፈረሙ፣ አበዳሪው ጋ ቀረ።

የቀድሞ ዲኤ፦ በቡድን ዋስትና ነው የተበደሩት? ከሆነ የቡድኑ ሰብሳቢ ቅጂ አያጣም፣ ዛሬ ማታ ይጠይቁት። የቁጠባ ደብተራቸውንም ይያዙ፣ ብድሩ እዚያ ላይ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ከታጣ የቡድኑ አባላት ሁለት ሦስት ሆነው አብረዋቸው ይሂዱና ይመስክሩ።

የደጋው ልጅ፦ በቡድን ነው! እግዚአብሔር ይስጥህ ወንድሜ። ሰኞ ማታ እጽፋለሁ።

ጭድ በጋሪ፦ (ከ11 ቀን በኋላ) የደጋው ልጅ፣ ምን ተባሉ? የኔም አጎት ተመርቀዋል ተብለዋል፣ በአንዲት ላም።